ከአሰብ ተጭኖ የመጣ ንፋስ

የተቃጠለ ሞተር ሽታ አንድ ጊዜ አፍንጫ ውስጥ ከገባ አይረሳም። የተቃጠለ ፀጉር ይመስላል፤ ግን ከፀጉር ይልቅ ጉሮሮ ይይዛል። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት መብራት ሄደ። አንድ ሰዓት ያህል ቆየና ሲመለስ እንደ ተጣላ ሰው በኃይል ተመለሰ። የሳሎኑ አምፖል ከልክ በላይ ነጭ ሆኖ በራና ድርግም አለ። ከመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ቀጭን ጭስ ወረደ። የጣሪያ ማራገቢያዬ ሁለት ሦስት ዙር በቀረው ጉልበት ዞረ፤ ከዚያም ቆመ። እኔ የአጥሚት ብርጭቆ ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። ከማራገቢያው ሥር፣ አልጋው ላይ በሦስት ትራስ ተደግፋ የተቀመጠችው ሴት ዓይኗን ወደ ላይ አነሳች።

"ቆመ?" አለችኝ።

"ቆመ፣ እታለም።"

"አስነሽዋ" አለች፤ መንገድ ላይ የተኛ አህያ ይመስል።

እታለም የሟቹ ባሌ የምስጋናው ታላቅ እህት ናት። የክርስትናም የቤትም ስሟ ይህ አይደለም። በኛ አገር ሙሽራ ስትገባ የባሏን ዘመዶች በስማቸው አትጠራም፤ ለያንዳንዳቸው የአክብሮት ስም ታወጣለች። እኔም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የታጠበ እግሬ ሳይደርቅ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ "እታለም" አልኳት። እህት ዓለም ማለት ነው። ያኔ ከልቤ ነበር። አሁን አርባ ምናምን ዓመት አልፎታል፤ አፌ ስለለመደው ብቻ እላለሁ። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ግን እሷ ብዬ ነው የምጽፋት። ወረቀት አማት የለውም።

የመጣችው ከኩልመስክ ወዲያ ካለው መንደሯ ነው። ልቧ ደክሟል። እግሯ አብጦ፣ ጋደም ማለት አቅቷት፣ ሁለት መቶ እርምጃ መራመድ እንደ አሸተን ተራራ ሆኖባት ለሕክምና አመጧት። ልጇ አዲስ አበባ ነው፤ ስልክ ይደውላል፤ መንገድ ተዘግቷል ይላል፤ እውነቱን ነው፤ ተዘግቷል። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣትና እኔን ወደ ውጭ ጠራኝ። "እናቴ፣ ለቤት የምንሰጠው ኦክስጅን የለንም። መድኃኒቱም ካለቀ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ሲያፍናት ፊቷ ላይ ንፋስ ያግኛት፤ መስኮት ይክፈቱላት። ማራገቢያ ቢኖር ደግሞ በጣም ያቀላታል። ግን እዚህ አገር ማን ማራገቢያ አለው?" አለኝ። "እኔ አለኝ" አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ልስቅ ጥቂት ቀርቶኝ ሳልስቅ የቀረሁበት ቀን የለም።

ምክንያቱን ለማያውቅ ልንገር። ልጄ የሞተችው በዚያ ማራገቢያ ንፋስ ተመትታ ነው ብላ ለዘመድ ለጎረቤት ያወጀችው እታለም ናት። ስምንት ወር የሞላት ልጅ ነበረችኝ። ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም አልወለድኩም። አሁን ያንን ቀን ከቤቱ ውስጥ ሆኖ ያየ፣ በሕይወት ያለ ሰው ከኔ ሌላ እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ቤቴ ያስገባኋት ለጽድቅ ነው ብሎ ማንም እንዳያመሰግነኝ። ከአፏ አንድ ቃል እፈልጋለሁ፦ አንቺ አይደለሽም የሚል። ያችን ሳትናገር ከሞተች የሚናገርልኝ የለም። እንድትናገር ደግሞ መተንፈስ አለባት።

ማራገቢያውን ያመጣው ምስጋናው ነው። የጭነት መኪና ነጂ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ኤንትሬ የምንላትን አፍንጫዋ ደፍጣጣ መኪና ይዞ አሰብ ይወርዳል፣ ስንዴና ጨው ጭኖ ይወጣል። ሲመጣ ገና ከገበያው መውረጃ ጥሩንባዋን ሲያሰማ ሰው ሁሉ ይወጣ ነበር። ቴትሮን ሱሪ ይለብሳል፤ ታችኛው ጫፉ ሰፊ፣ ጫማውን የሚሸፍን። አንገቱ ላይ የአሰብ ሽርጥ ጣል ያደርጋል፤ ለላብ ሳይሆን ለኩራት ነበር የሚይዘው። ለኔ ያመጣልኝ ሁሉ ዛሬም ትዝ ይለኛል፦ ባለ አበባ ቴርሞስ፣ ሲነኩት ፀጉር የሚያቆም ናይለን ቀሚስ፣ በቆርቆሮ የታሸገ ተምር። ቴርሞሱ አሥራ ሁለት ብር ነበር፤ ሻይ አሥር ሳንቲም በሆነበት ዘመን አሥራ ሁለት ብር። እሱ ግን የሚያወራልኝ ስለ ዕቃው አልነበረም፤ ስለ ንፋሱ ነበር። "የሺ፣ አሰብ ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል። ግን ሻይ ቤት ገብተሽ ከማራገቢያው ሥር አግዳሚው ላይ ጋደም ስትይ፣ በስተጀርባሽ ያለው አገር ሁሉ ይረሳሻል" ይለኝ ነበር። ይህን ሲል ዓይኑን ይጨፍናል፤ በአምባሰል ቅኝት ያንጎራጉራል። ድምፁ ጥሩ አልነበረም። ይህንንም ዛሬ ነው የምናገረው።

እናም አንድ ቀን ከስንዴው ላይ አንድ ሳጥን አወረደ። የብረት ማራገቢያ፤ ሦስት ክንፍ፣ ግራጫ ቀለም፤ ሲሸከሙት እንደ ወፍጮ መጅ ይከብዳል። ላስታ ላይ፣ በክረምት ጋቢ በጋቢ ላይ በምንደርብበት አገር። መብራትም ቢሆን ከማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ብቻ በጄኔሬተር የሚመጣ ነበር። ወራጁን በሁለት እንጨት አጠንክሮ፣ የአቡጀዲውን ኮርኒስ ቀዶ ሰቀለው። ሰው ለማየት ተሰለፈ። የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ ጃንጥላቸውን ይዘው መጥተው አንገታቸውን አቅንተው አዩትና፣ "ምስጋናው ልጄ፣ ላስታ ንፋስ ጠፍቶባት ነው ከአሰብ ተጭኖ የሚመጣላት?" አሉት። ያ ቀልድ ከተማውን ዞረ። የኛ ቤት "ሄሊኮፕተሩ ያለበት ቤት" ተባለ። እንግዳ ሲጠፋበት "ሄሊኮፕተሩ ቤት ጋ ስትደርስ ወደ ግራ" ይሉታል። እታለም ግን አልሳቀችም። በሩ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ "ንፋስ ቤት ውስጥ አይጠራም። ከተጠራ ይዞ የሚሄደው አያጣም" አለች። ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበርኩ።

ሐሙስ ዕለት ሰይድን አስጠራሁት። ሰይድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የወልድያ ሰው፣ እዚህ አግብቶ የቀረ፤ ሃምሳን አልፏል። መሰላሉን ዘርግቶ ወጣ። ጎረቤቴን ሰፌድ አስይዤ እታለም አጠገብ አስቀምጬ ነበር፤ ሰፌዱ ከፍ ዝቅ ሲል እታለም በዓይኗ ትከተለዋለች፤ እንደ ሕፃን። ሰይድ ክዳኑን ፈትቶ አሸተተና መልሶ ገጠመው።

"ምነው?" አልኩት።

"እትዬ የሺ፣ አብሽሩ እንዳልልዎ ይቺ ሞታለች። ስንት ዘመኗ ነው?"

"አርባ ምናምን።"

"ወላሂ፣ ከኔ ትዳር ትበልጣለች።" ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። "ውስጧ የተጠቀለለው ሽቦ ነው የነደደው። አውጥቶ እንደ አዲስ የሚጠቀልል ሰው ወልድያ አለ፤ ደሴም አለ። መንገድ ሲከፈት።"

"መቼ ነው የሚከፈተው?"

"እሱን ጋሸና ላይ የዘጉትን ይጠይቁልኝ።"

እታለም ከአልጋው ላይ፣ በየቃሉ መካከል እያረፈች፣ "ሌላ... ይገዛ" አለች። ሰይድም እኔም ዞር ብለን አየናት። ይህች ሴት ናት ማራገቢያውን የጠላችው። ይህች ናት አሁን ሌላ ይገዛ የምትለው።

ልጄ የሞተችበትን ሳምንት ስንት ጊዜ በልቤ እንዳመላለስኩት እግዜር ይወቅ፤ ለሰው ግን ተናግሬው አላውቅም። ግንቦት ነበር። ልጄ ተኮሰች። ምስጋናው መንገድ ላይ ነው። እታለም ከኩልመስክ ለገበያ መጥታ እኛ ቤት አርፋለች፤ እሷ አራት ወልዳለች፤ እኔ ገና አንድ። ልጅቷን ነካ አደረገችና ወደ ኮርኒሱ ቀና አለች። "ንፋስ መቷታል" አለች። መስኮቱን ዘጋች፤ ስንጥቁን በቡትቶ ጠቀጠቀች። በሩ ላይ ሰሌን ሰቀለች። "ካላባት ትድናለች" አለችና ልጄን በሁለት ጋቢ ጠቀለለቻት። ምድጃው አጠገብ። ሦስት ቀን። እኔ ከዓመታት በኋላ፣ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ሆኜ ስለ ልጆች ጤና ስልጠና በወሰድኩ ጊዜ፣ አንዲት ነርስ ቆማ "ትኩሳት ያለበት ልጅ ይገለጣል እንጂ አይሸፈንም" ስትል ሰማሁ። እርሳሴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ሆዴን አሞኝ ነው ብዬ አመካኘሁ።

በዚያ ሳምንት ደግሞ መብራት አልነበረም። የጄኔሬተሩ ናፍጣ አልቆ ከተማው ሁለት ሳምንት ሙሉ በኩራዝ ነበር። ማራገቢያው አንድ ዙር አልዞረም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ያውቃል። ግን እታለም ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ "ያ የብረት ንፋስ በላት" ስትል አንድ ሰው እንኳ "መብራት በሌለበት?" አላለም። እየገቡ ያለቅሳሉ፤ ሲወጡ አንገታቸውን በመኝታ ቤቱ በር አስግገው ወደ ኮርኒሱ ያያሉ፤ ከዚያ ወደኔ። ምስጋናው በሦስተኛው ቀን ደረሰ። እሱም ያውቃል፤ ናፍጣ የጠፋው የሱ ጓደኛ መኪና መንገድ ላይ ስለተሰበረ ነበር። ምንም አላለም። ለቅሶው ሲያበቃ መሰላል አምጥቶ ሦስቱን ክንፎች በነጠላ ቁራጭ አሰራቸው። እንዲህ ታስረው ሃያ ዓመት ቆዩ። እታለምን ከምጠላት ይልቅ እሱን ያን ዕለት መሰላሉ ላይ የጠላሁት ይበልጣል። እሱ ሲሞት ነው የፈታኋቸው፤ አቧራቸውን ጠርጌ፣ ክንፍ በክንፍ፣ ብቻዬን ሆኜ። በበጋ ቀን እከፍተውና ከሥሩ እቀመጥ ነበር። ምንም አይመታኝም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሌላ ማራገቢያ ለመምረጥ ወጣሁ። ከገበያው መውረጃ ላይ የመሠረት ሱቅ አለ፤ አምፖል፣ ሶኬት፣ የስልክ ቻርጀር የምትሸጥ ወጣት ሴት ናት። ሱቋ ያለበት ጥግ በዚያን ዘመን ሻይ ቤት ነበር። ምስጋናው መኪናውን የሚያቆመው እዚያ ነበር፤ ሾፌሮች ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ዳቦ በሻይ እየነከሩ፣ ከደሴ የመጣች ጋዜጣ ከሳምንት በኋላ እየተቀባበሉ ያነቡ ነበር። ሴት አይገባበትም። እኔ ከማዶ ቆሜ ነጠላዬን እያስተካከልኩ ነበር የማየው። ዛሬ ገብቼ መሃሉ ላይ ቆምኩ፤ የሚያየኝም የለም። ፈረንጅ ቀርቷል፤ አስጎብኚዎቹ ከሱቆቹ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ።

"እማማ፣ ፋሽኗ ይቺ ናት" አለች መሠረት። ከሳጥን ያወጣችው የወርቅ ቀለም ክንፍ ያለው ነው። "አምስት አምፖል አላት። ሪሞት አላት።"

"ንፋሷስ?"

"ንፋስም አላት" አለች፤ ምርቃት የጠየቅኳት ይመስል።

"ለበሽተኛ ነው፣ ልጄ። ለሠርግ አይደለም።"

በእግሩ የሚቆመውን አሳየችኝ። ያንን እታለም አትቀበለውም። ከመጣች ወዲህ ሦስት ሳምንት ማራገቢያ ሥር ተቀምጣ እንኳ ደንብ ማውጣት አልተወችም፤ "ከላይ የሚመጣ ንፋስ እንደ ዝናብ ነው፤ ከጎን የሚመጣ እንደ ሌባ ነው" ትላለች። የሚገድላትንም የሚያድናትንም ንፋስ በአቅጣጫ ለይታለች። ከዚያ መሠረት ከመደርደሪያው ጥግ አንዲት ትንሽ ነጭ ነገር አወረደች፤ የላስቲክ ክንፍ፣ ከሰፌድ የማትሰፋ። "ይቺ በሶላር ባትሪ ትሠራለች። መብራት ቢሄድም አትቆምም። ለበሽተኛ ካሉ እኔ ይቺን ነው የምመርጥልዎ" አለችኝ። በጣቴ ገፋ አደረግኳት፤ እንደ ወረቀት ዞረች።

"የልጅ መጫወቻ ናት" አልኩ፤ ወጣሁም።

ያን ያልኩበትን ምክንያት አሁን አልሸፍንም። ልቤ የብረት ማራገቢያ ፈልጎ ነበር። እታለም ያችን ቃል የምትናገረው እንደ መጀመሪያው ባለ፣ ከባድ፣ ግራጫ ነገር ሥር ሆና እንዲሆን ፈለግሁ። በላስቲክ ሥር ሆና ብትናገራት የምትቀንስ መሰለኝ። ቤት ውስጥ በሽተኛ አስቀምጬ ይህን ነበር የማስበው።

ከከተማው ዳር እንግዳ ከጠፋ ጀምሮ የተዘጋ አንድ ሆቴል አለ። ጠባቂው ጋሽ ወንዴ የምስጋናው ረዳት የነበረ ሰው ነው። ባለቤቱ ዕቃ እየሸጠ እንደሆነ ሰምቼ ሰይድን ይዤ ሄድኩ። የምግብ አዳራሹ ወንበሮች እግራቸውን ወደ ላይ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ከጣሪያው ስድስት ማራገቢያ ይታያል፤ ለፈረንጅ ጌጥ ተብለው የተሰቀሉ። አንደኛው ልክ የኔው ነው። ግራጫው ሳይቀር።

"ይሄን" አልኩ።

"እትዬ፣ ይቺ ብዙ መብራት ትበላለች" አለ ሰይድ። "መብራት ደግሞ እንደሚያውቁት ነው። ይሄዳል ይመጣል።"

"ሲመጣ ይሠራል።"

"ሲሄድስ?"

ጋሽ ወንዴ በመሃል ገባ። "ሰይድ፣ ሴትዮዋን ተዋት። የምስጋናው ሄሊኮፕተር ትዝ ብሏት ነው።"

ሰይድ ብሎኖቹን ፈትቶ አወረደው። ዓርብ ጠዋት ሰቀለው። ሲነሳ ቤቱ በሙሉ ተነፈሰ፤ መጋረጃው ተነሳ፤ የእታለም ሻሽ ጫፍ ተነሳ። እሷ አፏን ከፍታ ዋጠችው። ያን ቀን ሙሉ፣ ሌሊቱንም፣ ትከሻዋ ከጆሮዋ ወርዶ እንቅልፍ ወሰዳት። አማርጬ ያገኘሁ መሰለኝ። ነገ እጠይቃታለሁ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።

ገበያ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ወጥቷል። መስኮቱን ከፈትኩ፤ ከውጭ ግን ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ንፋስ የለም። የአሸተን ንፋስ፣ ዓመቱን ሙሉ ቆርቆሮ የሚያንኳኳው፣ ያን ዕለት የት እንደገባ እንጃ። እታለም መጀመሪያ ወደ ላይ አየች። ከዚያ ትከሻዋ መውጣት ጀመረ። ከዚያ አንገቷ ላይ ያሉት ጅማቶች። ሰፌዱን አንስቼ ማራገብ ጀመርኩ። አምስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሆነ። ከቀኝ እጄ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ብብቴ ነደደ። እጄ የኔ አልመስል አለኝ። ባቆምኩ ቁጥር ከንፈሯ እንደ ዶቅማ ፍሬ ይጠቁራል።

ስድስት ተኩል ግድም ሰፌዱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

ደክሞኝ ነው ማለት እችላለሁ። ደክሞኝም ነበር። ግን ለዚያ አልነበረም። እንዲህ ተቀምጬ፣ እጄን አጣጥፌ፣ አየኋት። አልጮኸችም። አልለመነችኝም፤ በዕድሜዋ ለምናኝ አታውቅም። እጇን ብቻ አልጋው ላይ እየዳሰሰች ሰዳ የነጠላዬን ጫፍ ያዘች። አልሳበችውም። ያዘችው ብቻ። ያን ጊዜ ያየሁት እሷን አልነበረም። ያን ሌላ ሳምንት ነው ያየሁት፣ የተዘጋውን መስኮትና ምድጃውን። ሁለቱን ጋቢዎች ከሳጥን አውጥቼ፣ ዘርግቼ፣ "እነዚህ ይበቃሉ፣ እታለም?" ብዬ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። ይህን ለምስጋናው አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። እሷም ለማንም አልተናገረችም። ማራገቢያውን ብቻ ነበር የከሰሰችው፤ ጋቢውን አላነሳችም። ለምን እንዳላነሳችው አርባ ዓመት ሙሉ ጠይቄ አላውቅም።

ሰፌዱን አነሳሁ።

"እታለም" አልኳት እያራገብኩ፤ ድምፄ ከሰፌዱ ጋር ይቆራረጥ ነበር። "ያን ሳምንት መብራት እንዳልነበረ ያውቃሉ አይደል? ያውቃሉ። አንዲት ጊዜ ይበሉኝ። አንዲት ጊዜ ብቻ።"

ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አፏ ላይ አደረግሁ።

"ትንፋሽ... የለኝም" አለች።

ስምንት ሰዓት ግድም ሰይድ ከገበያ ሲመለስ ብቅ አለ። የሽንኩርት ዘንቢል ይዟል። በሩ ላይ ቆሞ እኔን አየ፤ እሷን አየ፤ ወደ ኮርኒሱ ቀና አላለም። ይህን ስለሱ አልረሳውም። ነግሬዎት አልነበር ማለት ይችል ነበር።

"መሠረት ሱቅ ያለችውን፣ በባትሪ የምትዞረውን፣ ያቺን የልጅ መጫወቻ" አልኩት፤ ሰፌዱን ሳላቆም።

ዘንቢሉን መሬት ላይ ጥሎ ሮጠ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ዳገቱን። ሲመለስ መሠረት ራሷ ከኋላው አለች፤ ሱቋን ሳትቆልፍ፣ መፍቻውን ይዛለት። መብራት ሲጠፋ የምናበራበት የሶላር ባትሪ ሳሎን ውስጥ አለኝ፤ እሱን አምጥተው ሽቦ ቀጠሉ። ከብረቱ ማራገቢያ ዘንግ ላይ፣ ከታች፣ ያችን ነጭ ነገር በገመድና በሽቦ አንጠለጠሏት። ደንብ ያለው ሥራ አልነበረም። ሰይድ በጫማው አልጋዬ ላይ ወጥቶ ነበር የሠራው።

"ክንፏ የዶሮ ነው" አለ ሰይድ፤ ማብሪያውን እየተጫነ። "ብቻ ትተንፍስ እንጂ።"

ዞረች። ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል፤ እንደ ዝንብ ነው። ንፋሷም ትንሽ ናት፤ ክፍሉን አትሞላም፤ መጋረጃው አልተነሳም። የምትደርሰው ፊቷ ላይ ብቻ ነው። እታለም ዓይኗን ጨፈነች። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ሦስታችንም ቆመን ትከሻዋን ስናይ ነበር። መጀመሪያ የወረደው ግራው ነው።

ሰይድና መሠረት ሄዱ። እጄ ብርጭቆ መያዝ ስላልቻለ አጥሚቱን በማንኪያ፣ ማንኪያውንም በሁለት እጄ ይዤ አጎረስኳት። ሦስት ማንኪያ ዋጠች። አራተኛውን በእጇ መለሰችው። ከንፈሯ ቀልቷል። ሐኪሙ የቀራት ቀናት ወይም ሳምንታት ነው ብሎኛል፤ መድኃኒቱ የቀረው ለስድስት ቀን ነው። ብጠይቅ አሁን ነው። ግን አልጠየቅሁም። አፌ እምቢ አለኝ። ጋቢውን ያቀበላት እጅ ማንኪያውን ይዞ ነበር።

እሷ ናት የጀመረችው፤ ዓይኗን ሳትገልጥ።

"መብራት አልነበረም" አለች።

አርባ ዓመት የጠበቅኩት ይኸው መጣ። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይፈታል ብዬ ጠበቅሁ። አልተፈታም።

"አውቃለሁ" አልኳት።

"ጋቢው... በዛ።"

"ያቀበልኩዎት እኔ ነኝ።"

"አንቺ ልጅ ነበርሽ" አለች። አረፈች። ትንሿ ማራገቢያ የሻሿን ክር ታንቀሳቅሳለች። "እኔ አልነበርኩም።"

የተኛች መስሎኝ ልነሳ ስል ነጠላዬን ያዘችኝ። ትንፋሿን ሰው ውሃ በጣሳ እንደሚያጠራቅም አጠራቀመችው፤ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ሌላ ቃል ልትጨምርልኝ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ሊሆን ይችላል ብዬም አሰብኩ፤ ብትለኝ ምን እንደምመልስላት አላውቅም ነበር።

የልጄን ስም ጠራች።

እኔ ያን ስም ከቀብሩ ወዲህ ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። ምስጋናው እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን በአፉ አላደረገውም። ሁሉም ሰው ረስቶታል ብዬ ነበር። እሷ ግን በትክክል፣ እኔና ምስጋናው በቤት እንደምናቆላምጠው አድርጋ፣ ያለ የሌለ ትንፋሿን አውጥታ ጠራችው። ከዚያ ትንፋሿ እስኪመለስ ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም።